የተተከለ ወንበር

ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ በጥቅምት ወር ሳይጠየቅ ይታወቃል። አውቶቡሱ ጣራው ላይ ፍራሽና ሻንጣ ጭኖ ይገባል። ባጃጁ ዋጋ ይጨምራል። ቤት አከራይዋ ግድግዳዋን ቀለም ታስቀባለች። ከቆላ የመጣው አዲስ ተማሪ በአንድ ቲሸርት ቆሞ ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ብርድ ልብስ ነጋዴው ደግሞ እሱን እያየ ደስ ይለዋል። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ከአቀስታ እስከ መካነ ሰላም ባለው አገር፣ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ተረት ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የሐኪም ትእዛዝ ነው ማለት ይቻላል። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጩ የባቄላውን ቅጠል ያከስለዋል።

በዚህ ወቅት በየግቢው ሁለት ዓይነት ወሬ አለ። አንደኛው የተማሪ ወሬ ነው፤ ማን የት ተመደበ፣ የማን ዶርም ፀሐይ ያገኛል፣ የዘንድሮው ካፌ ሽሮ እንዴት ነው። ሁለተኛው የመምህራን ወሬ ነው፤ ማን አዲስ ተቀጠረ፣ ማን ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነት አደገ፣ ማን ለሦስተኛ ዲግሪ ሄደ፣ ማን ደግሞ ሄዶ በዚያው ቀረ። የመጀመሪያውን ወሬ ከተማው በሙሉ ያወራዋል። ሁለተኛው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ ነፋስ እስኪገነጥለው ድረስ ማንም አያነበውም።

እኔ ግን ግቢ ውስጥ የሚሠራ ወዳጅ ሳገኝ የምጠይቀው ስለ ሁለተኛው ነው። «ስንት ተማሪ ገባ?» አልልም፤ «ስንት መምህር ከረመ?» እላለሁ። «ከረመ» ማለቴን ልብ በሉልኝ። በእኛ ቋንቋ መክረም ማለት ክረምቱን አብሮ ማሳለፍ ነው። ጭቃውን፣ ጉሙን፣ የመንገዱን መቆረጥ አብሮ ያየ ሰው ነው ከረመ የሚባለው። ትምህርት ቤትን ትምህርት ቤት የሚያደርገው ይሄ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደማምን ለማስረዳት ግን ወደ ኋላ ሄድ ማለት ያስፈልገኛል።

መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አራተኛው ትውልድ ከሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው። ማስተማር የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ሲሆን አንዱ ካምፓሱ ቱሉ አውሊያ፣ ሌላው መካነ ሰላም ላይ ነው። የከተሞቹን ስም አስተውሉ። «መካነ ሰላም» ግዕዝ ነው፤ የሰላም ስፍራ ማለት ነው። «ቱሉ» በኦሮምኛ ኮረብታ ነው፤ «አውሊያ» ደግሞ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን ቅዱሳን ሰዎችን ይጠራል። ሦስት ቋንቋ በሁለት ከተማ ስም ውስጥ! ወሎን ለማያውቅ ሰው ወሎን ለማስረዳት ከዚህ ያጠረ መንገድ ያለ አይመስለኝም።

ዩኒቨርሲቲው ራሱ ግን ስሙን የወሰደው ከአምባው ነው። መቅደላ ሲባል ሁላችንም የምናስታውሰው ሽጉጡን ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለእንግሊዝ ጦር ከመስጠት ሞትን የመረጡበት ስፍራ ነውና። ስለዚያ ሽጉጥ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙ ተዘፍኗል፣ ቴያትርም ተሠርቷል። እኔ ላነሣ የምፈልገው ግን መጻሕፍቱን ነው።

አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ብዙ ብራና አሰባስበው ነበር። አሰባሰቡን ብዙ አናሳምረው፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፈው ሲያቃጥሉ ከአድባራቱ ያስወሰዱት ብዙ ነው። ቁጥሩ ወደ አንድ ሺህ ይጠጋ እንደነበር ይነገራል። አምባው ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር በተራው ዘረፈው፤ ምርኮውንም በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ጭኖ ወረደ። ከዚያ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ሐራጅ ተጫረቱበት። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ ከጦሩ ጋር አብሮ መጥቶ ነበርና የሚፈልገውን መርጦ ገዛ። 350 ያህል ብራናዎች ወደ ሙዚየሙ ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በኋላ አፄ ዮሐንስ «ክብረ ነገሥቱን መልሱልኝ» ብለው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1872 ጽፈው፣ አንድ ቅጂ ተመልሶላቸዋል። አንድ!

ሴባስቶፖልስ? ሴባስቶፖልማ ቀረ። ጋፋት ላይ የተሠራውና 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ያ መድፍ፣ በስንት ሰው ጉልበት፣ በስንት አዲስ መንገድ እየተጎተተ አምባው ላይ የወጣው፣ ዛሬም እዚያው ተጋድሞ ይታያል። ብረቱ ቀረ፣ ብራናው ሄደ።

ዝርፊያው ዝርፊያ ነው፤ ስሙን የምናለዝብለት ምክንያት የለም። ነገር ግን አንድ ሌላ ጉዳይ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ከጎንደር የመጡት መጻሕፍት አምባው ላይ የቆዩት ዓመት ተመንፈቅ እንኳ አይሞላም። በዚህ ጊዜ ውስጥ መምህር ወንበር ተክሎ፣ ተማሪ አፍርቶ፣ ተማሪው ደግሞ በተራው መምህር ሆኖ ጉባኤ ሊያሰፋ አይችልም። መጽሐፉ ተሰበሰበ እንጂ በዙሪያው ሰው አልበቀለበትም። ስለዚህ መጽሐፉ ሲነሣ ሁሉም ነገር አብሮ ተነሣ።

አሁን ከዚያው ከወሎ ሌላ ታሪክ ልጨምርላችሁ። ከመቅደላ ከስድስት መቶ ዓመት በፊት፣ በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ አባ ኢየሱስ ሞአ የሚባሉ መነኩሴ ከደብረ ዳሞ ወጥተው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ መጡ። እዚያ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። መጻሕፍትንም አሰባሰቡ፤ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል በታሪክ አጥኚዎች ዘንድ የታወቀ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሳቸው እግር ሥር ከተማሩት መካከል ናቸው። ከዚያ ደሴት የወጡ መነኮሳት በየአገሩ ገዳም መሠረቱ። ይህ ሁሉ የሆነው በምን ኃይል ነው? ንጉሥ በሠራው ሕንፃ ብቻ አይደለም። አባ ኢየሱስ ሞአ ከመጡበት ጊዜ አንስተው እስኪያርፉ ድረስ 45 ዓመት ያህል እዚያው ቆዩ። አርባ አምስት ክረምት ማለት ነው!

የአብነት ትምህርት ቤት ቋንቋ ይህን ነገር በሁለት ቃል ይናገረዋል፤ «ወንበር ተከለ» ይባላል። ወንበር ይቀመጣል እንጂ እንዴት ይተከላል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። የሚተከለው ዛፍ ስለሆነ ነው፤ ሥር እንዲሰድ ይጠበቃል። የኔታ አንድ ደብር አጠገብ ወንበር ሲተክሉ ተማሪው ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከስንት አገር በእግሩ ይመጣል። በዙሪያቸው ጎጆ ይቀልሳል። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከመንደሩ ይለምናል፣ መንደሩም ይሰጠዋል። የቅኔ መምህር ዋድላ አለ ከተባለ ወደ ዋድላ ነው። መምህሩ ካረፉ ወይም ከተነሡ ደግሞ ጎጆዎቹ ባዶ ይቀራሉ፤ «ጉባኤው ታጠፈ» ይባላል። ዛፍና ደወል ይቀራል፣ ትምህርት ቤቱ ግን አለቀ።

በእስልምናውም በኩል ወሎ ያው ነው። ደረሳው እንደ ቆሎ ተማሪው ስንቅ ሳይዝ ነው የሚወጣው፤ ሸኹ ያሉበት ድረስ ይሄዳል፤ የአካባቢው ሰው ያበላዋል። ጀማ ንጉሥም ሆነ ዳና ስማቸው የተጠራው እዚያ ተቀምጠው ባስተማሩ ሸኾች ነው። ትምህርቱ ሁለት፣ ሃይማኖቱ ሁለት፣ ሕጉ ግን አንድ ነበር፤ መምህሩ ይቀመጣል፣ ተማሪው ይዞራል።

ለዚህ ነው የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ «ዩኒቨርሲቲ ገና ትናንት የገባበት አገር» ሲሉት ቅር የሚለኝ። በሰሜን በሽሎ፣ በምዕራብ ዓባይ የከበቡት ይህ አገር ለመጽሐፍ እንግዳ አልነበረም። አፄ በእደ ማርያም በ15ኛው መቶ ዘመን ያሠሯት አትሮንሰ ማርያም፣ አፄ ገላውዴዎስ የተቀበሩባት ተድባበ ማርያም በዚሁ በሳይንት በኩል ናቸው። አትሮንሰ ማርያም እንኳ በ16ኛው መቶ ዘመን በግራኝ ዘመቻ ተቃጥላለች። አገሩ ገንብቶ የተቃጠለበት፣ ተቃጥሎበትም መልሶ ያስተማረ አገር ነው።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ግን ነገሩ ተለወጠ። በየገጠሩ የተበተኑት ወንበሮች ዋጋቸው ወረደና አንድ ትልቅ ወንበር አዲስ አበባ ላይ ተተከለ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከዚያ በኋላ የቦረናና የሳይንት ልጅ ዕጣው የታወቀ ነው። ጎበዝ ከሆነ ደሴ፣ ወይዘሮ ስኂን ይገባል። ከዚያም ጎበዝ ከሆነ ስድስት ኪሎ። ከዚያ ወዲያ በደብዳቤ ካልሆነ አይመለስም። ከወይዘሮ ስኂን ስድስት ኪሎ የደረሰው ዋለልኝ መኮንን አገሩን እስከ ዛሬ የሚያነጋግረውን የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፉን ያወጣው በኅዳር 1962 ዓ.ም. ነው፤ በኅዳር 1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ሊጠልፉ ከተነሡት ጋር ሆኖ ተገደለ። ጽሑፉን እንደግፈው አንደግፈው ሌላ ጉዳይ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ እንዲህ ያለው ልጅ ወደ ወሎ ተመልሶ የሚቀመጥበት አንድም ወንበር አለመኖሩ ነው።

መንግሥት ክፍተቱ አልጠፋውም። በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ነገር ተጀመረ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግላል፤ አብዛኛው የሚያስተምር ነበር። ለልጆቹ ትልቅ ትምህርት ሆነ፤ አገራቸውን አዩ። ለገጠሩ ግን በየመስከረሙ አዲስ ፊት ነው። ስሙን ለምደው ሳይጨርሱ ይሄዳል። ቀጥሎ በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ፤ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር በየገጠሩ ተሠማራ። እሱም ዘማች ነበር። ዘማች ደግሞ፣ ቃሉ ራሱ እንደሚለው፣ ይዘምታል፣ ይመለሳል።

መምህር በቅርብ አለመኖሩ ምን እንደሚያስከፍል ወሎ በ1965 ዓ.ም. አይቶታል። ያን ጊዜ ረሀቡ ሲደበቅ፣ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ከአዲስ አበባ ወሎ ድረስ ሄደው፣ ፎቶ አንሥተው፣ ግቢ ውስጥ ለሕዝብ አሳዩ። ይህ የሆነው በሚያዝያ 1965 ነው። የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ዓለምን ያስደነገጠው ከዚያ በኋላ፣ በጥቅምት 1966 ነው። መምህራኑ የሚመሰገኑ ናቸው። ግን እስቲ አስቡት፤ በልጉ ሲከሽፍ እዚያው አገር የሚኖር፣ ገበያ ሲወጣ የገብስ ዋጋ የሚያይ፣ ተማሪው ከክፍል ሲቀር «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ ኖሮ ቢሆን ወሬው ያን ያህል ይዘገይ ነበር? ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ማተሚያ ቤት ብቻ አይደለም። ከረም ብሎ የሚያይ ዐይን ነው።

መምህር በገዛ ፈቃዱ ብቻ አይሄድም፤ የሚባረርበትም ጊዜ አለ። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራኑን በአንድ ጊዜ አሰናበተ። ከነሱም አንዱ የቀዶ ሕክምና ሊቁ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ነበሩ። ያ የሰው ኃይል ዜና ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ካለው ዜና ሁሉ የከበደ ነበር። ወንበር ለመትከል ሃምሳ ዓመት ይፈጃል፣ ለመንቀል ግን አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል።

ከዚያ ዘመነ ማስፋፋት መጣ። ኤርትራ ከተለየች በኋላ፣ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከ40 በላይ ሆኑ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተመሠረተ፤ ወልድያ ተከተለ፤ መጨረሻ ላይ ወደ ምዕራቡ ደጋ ደረሰ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሴት ልጁን ወደ ሩቅ አገር ለመላክ የሚሠጋ የቦረና ገበሬ በአገሩ ካምፓስ ሲያይ ሐሳቡ ይለወጣል።

ግን ፈተናው ወዲያው ወዲያው ነው የመጣው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ወሎን አዳረሰ፤ የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ላብራቶሪያቸው ሳይቀር ተዘረፈ። ብራናው ተረስቶ ኮምፒውተር መጣና እሱም በተራው ተጫነ። በኅዳር 2015 መጨረሻ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን በደመወዝ ጉዳይ ሥራ አቆሙ። በዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች ግማሹን ነጥብ ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ደግሞ በክልሉ ግጭት ምክንያት የአማራ ክልል ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን በወቅቱ መጥራት አልቻሉም። ጥቅምት መጣ፣ ፍራሽ የጫነ አውቶቡስ ግን አልመጣም።

ደሴ ላይ ሻይ ስንጠጣ ይህን የወንበር ፍልስፍናዬን ለአንድ ወጣት ሌክቸረር አጫወትኩት። የሚያስተምርበትን ግቢ ስም ልተወው። ዝም ብሎ ሰማኝና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ መምህር ነኝ እንጂ መናኝ አይደለሁም» አለኝ። «ባለቤቴ ሌላ ከተማ ነው የምትሠራው። ልጄ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው። የቤት ኪራይ ደመወዜን ይበላዋል። የኔታ እኮ ኪራይ አይከፍሉም ነበር!»

እውነቱን ነው። የኔታ በባዶ ሆዳቸው አልከረሙም። መሬት ነበር፣ መንደሩ ያበላ ነበር፣ ተማሪው እንጨት ይለቅም ውኃ ይቀዳ ነበር። ከሁሉ በላይ ክብር ነበር፤ ሲያልፉ ሰው ከመቀመጫው ይነሣላቸዋል። ዛሬ መምህሩን «ክረም» የምንል ሰዎች እኛስ ምን ሰጠነው? ቤት ይፈልጋል። ለልጁ ትምህርት ቤት፣ ለባለቤቱ ሥራ ይፈልጋል። በሰላም ወጥቶ መግባት ይፈልጋል። እነዚህ ሳይሟሉ «አገርህን ውደድ» ማለት የኔታን ያለ ጎጆ አስተምሩ እንደማለት ነው።

ታዲያ «ቤት ብቻ ይበቃሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። አሰበና፣ «አይበቃኝም። እዚያ ካልሆነ ሌላ ቦታ የማላገኘው ሥራ ቢኖረኝ ግን እከርማለሁ» አለ።

ይሄ መልስ ነው እስካሁን አብሮኝ ያለው። እዚያ ካልሆነ የማይገኝ ሥራ በዚያ ደጋ ሞልቷል። የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ ሰው ደንቆሮ ጫካ የሚለው፣ እዚያው አጠገብ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚያጠና ሰው ከስድስት ኪሎ ሆኖ አያጠናቸውም። የአድባራቱ ብራና፣ የሸኾቹ የዐጀም ጽሑፍ፣ የበልጉ ጠባይ፣ ውርጭ የሚችል የገብስ ዘር፣ ይህ ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚያጠናው ሰው ይጠብቃል። ለንደን ያለውን ብራና ለማንበብ ለንደን የሚሄድ ሊቅ አለን። ሳይንት ያለውን ለማንበብ ሳይንት የሚከርም ሊቅ ደግሞ ያስፈልገናል። ያን ጊዜ ወንበሩ ሥር ይሰዳል፤ ሥር የሰደደ ነገር ደግሞ በበቅሎም በአይሱዙም ተጭኖ አይሄድም።

እስከዚያው ግን ሕንፃ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ አዲስ ፕሬዚዳንት ሲሾም ኬክ ይቆረጣል፣ ለአሥረኛ ክረምቱ እዚያው ላለው ሌክቸረር ግን ምንም አይቆረጥም። በዚህ ጥቅምት መካነ ሰላም ወይም ቱሉ አውሊያ የምትደርሱ ሰዎች ካላችሁ ፈልጋችሁ አግኙትና ቡና ጋብዙት። ሲገባ ደግሞ ከመቀመጫችሁ ተነሡለት።